አድማጩ ሳይደርስ የፈረሰው ባንድ፦ የሪፊውዝድ ጉዳይ

ለምን ይህ ጉዳይ

ባንድ ፈረሰ ሲባል ቶሎ ወደ አእምሯችን የሚመጡት ገንዘብ፣ መጠጥና ቅናት ናቸው። የስዊድኑ ሪፊውዝድ ታሪክ ለዚህ አይመችም። ባንዱ የበቀለው መጠጥም ሲጋራም በማይነኩ ወጣቶች መካከል ነው። የሚያጣላ ብዙ ገንዘብም አልነበረም። ልጆቹ መጫወት ያውቃሉ። እንዲያውም ከሥራቸው ሁሉ ምርጡን በጨረሱ ማግስት ነው የተበተኑት።

ታዲያ ሥራው ካልከሸፈ ምን ከሸፈ? መልሴን ከወዲሁ ልናገር። የባንዱ ዕጣ የተወሰነው አልበሙ አድማጭ ፊት ቀርቦ ውጤቱ ሳይታወቅ፣ ሁሉም በደከማቸው ሰዓት፣ በሰው አገር መንገድ ላይ ነው። ይህ እንዴት እንደሆነ ማየት ባንድ ላለው ሁሉ ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ። የቴአትር ቡድንም ቢሆን፣ አነስተኛ ድርጅትም ቢሆን ነገሩ ብዙ አይለይም።

ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። የአባላቱን ስም ትቻለሁ። ድምፃዊው፣ ድራመሩ፣ ጊታሪስቱ እያልኩ እሄዳለሁ።

መነሻው

ኡሜዮ ከስቶክሆልም ወደ ሰሜን ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኝ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። ክረምቷ ረጅም ነው። ዲሴምበር ላይ ፀሐይ ብቅ ብላ ለጥቂት ሰዓት ታይታ ትገባለች። እንዲህ ያለ ቦታ የሚያድግ ወጣት ቤት ውስጥ የሚሠራ ነገር ይፈልጋል።

ስዊድን ውስጥ ደግሞ ይህን የሚያግዝ አሠራር አለ። ትንሽ ልቆይበት፤ ያለ እሱ የባንዱ ታሪክ አይገባም። በአገሪቱ ከመንግሥትና ከማዘጋጃ ቤት በሚመጣ ድጎማ የሚንቀሳቀሱ የጎልማሶች ትምህርት ማኅበራት አሉ። ጥቂት ጓደኛሞች ተሰባስበው አንድ ነገር እንማማር ካሉ በጥናት ክበብነት ይመዘገባሉ። የሚማሩት ቋንቋ ሊሆን ይችላል፤ ሹራብ ሥራም ሊሆን ይችላል። የሮክ ባንድ ልምምድም እንደ ጥናት ክበብ ይቆጠራል። ልጆቹ የተገኙበትን ቀንና ሰዓት ቅጽ ላይ ይሞላሉ። ማኅበሩ የመለማመጃ ክፍል ይሰጣቸዋል፣ አንዳንዴም አምፕና ድራም ጭምር። ከዚያ በፊት ደግሞ የማዘጋጃ ቤት ሙዚቃ ትምህርት ቤቶች አሉ። እዚያ ሕፃናት በትንሽ ክፍያ መሣሪያ ይማራሉ። ስዊድን ከሕዝቧ ብዛት ጋር የማይመጣጠን ሙዚቃ ወደ ውጭ የምትልከው እንዲያው በአየሩ አይደለም።

ኡሜዮ ውስጥ ሃምንማጋሲኔት የሚባል የወጣቶች ማዕከልም አለ። አልኮል ስለሌለበት የ15 ዓመት ልጅም ገብቶ ኮንሰርት ያያል። በ1990ዎቹ የከተማዋ የሃርድኮር ልጆች የተሰባሰቡት እንዲህ ባሉ ቦታዎች ነው።

ሃርድኮር ማለት የፈጠነና የከረረ ፐንክ ነው፤ ፐንክ ደግሞ ጥሬና ጩኸታም የሮክ ዓይነት ነው። ፖስት-ሃርድኮር ደግሞ ያንኑ ኃይል ይዞ የዘፈኑን ቅርጽ ያፈርሰዋል። ዘፈኑ ድንገት ይቆማል፣ ዝግ ይላል፣ ከጩኸት ወደ ሹክሹክታ ይወርዳል። የሁለቱም ታሪክ ከዋሽንግተን ዲሲ ጋር በጣም የተያያዘ ነው። ብዙ አበሻ የሚኖርባት ያቺው ከተማ ማለቴ ነው። አለመጠጣት፣ አለማጨስ፣ ዕፅ አለመንካት የሚለውም አቋም በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከዲሲ የሃርድኮር ልጆች ነው የተነሳው። ኡሜዮ ላይ ይህ አቋም ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ካለመብላት ጋር ተጣምሮ ነበር። ዓመቱን ሙሉ እንደ መጾም በሉት፣ ምክንያቱ የእንስሳት መብት ሆኖ።

ሪፊውዝድ እዚህ መካከል በ1991 ተመሠረተ። ድምፃዊውና ድራመሩ ከጀማሪዎቹ ናቸው። የመጀመሪያው ሙሉ አልበም በ1994፣ ሁለተኛው በ1996 ወጣ። ሁለተኛው ወደ ሜታል የተጠጋ፣ ጠንካራና ቀጥ ያለ ሥራ ነው። አሜሪካ ውስጥም ታትሟል። እስከዚህ ድረስ ባንዱ ከብዙ ጥሩ የሃርድኮር ባንዶች አንዱ ነበር። ታማኝ አድማጭ አለው፤ ከዚያ ሰፈር ውጭ ግን የሚያውቀው የለም።

ችግሩ

ከ1996 በኋላ ልጆቹ የራሳቸው ሙዚቃ ሰለቻቸው። ግጥሙ ዓለም መለወጥ አለበት ይላል፤ ሙዚቃው ግን በሁሉም የሃርድኮር ባንድ ዘንድ የሚሰማው ነው። አብዮት የሚሰብክ ዘፈን እንዴት በተለመደ ዜማ ይዘፈናል? ጥያቄው ተገቢ ነበር። ሦስተኛው አልበም የተወለደው ከዚህ ጥያቄ ነው።

ነገር ግን ከሥር ሌሎች ችግሮች ነበሩ።

አንደኛው የሥራ ክፍፍሉ ነው። ድምፃዊው የግጥሙና የፖለቲካው ሰው ነበር። ቃለ መጠይቅ የሚሰጠው፣ ከሰው ጋር የሚገናኘው፣ ባንዱን የሚወክለውም በአብዛኛው እሱ ነው። ድራመሩና ጊታሪስቱ ደግሞ ሙዚቃው ላይ ነው ያበዱት። መጀመሪያ ላይ ይህ ጠቅሟቸዋል፤ ሁሉም የየድርሻውን ይሠራል፣ አይጋጭም። እየቆየ ግን ሁለት ባንድ ሆነ። አንዱ ባንዱን የአንድ እንቅስቃሴ አካል አድርጎ ያየዋል፣ ሌላው የጥበብ ሥራ አድርጎ። ጊታሪስቱ በ2006 ራሱ በሠራው ዘጋቢ ፊልም ላይ አባላቱ ስለ መጨረሻው ወቅት ሲናገሩ ይህ መራራቅ በደንብ ይታያል። ትልቅ ጠብ ሳይኖር ሆድና ጀርባ ሆነው ነበር።

ሁለተኛው የቤዝ ጊታሩ ቦታ ነው። በባንዱ ዕድሜ ቤዚስቱ ተቀያይሮ ተቀያይሮ አያልቅም። ይህ ለውጭ ሰው ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ባንድ ውስጥ የተጫወተ ሰው ግን ያውቀዋል። ቤዝና ድራም አብረው ካልሰነበቱ ዘፈኑን በየጊዜው ከዜሮ መጀመር ነው።

ሦስተኛው፣ ለእኔ ዋናው፣ ባንዱ ለራሱ የሰቀለው መለኪያ ነው። ካፒታሊዝምን እንጥላለን የሚል ባንድ በአንድ ምሽት ስልሳ ሰው መጥቶ ቢያጨበጭብለት ምን ይሰማዋል? ሌላ ባንድ “ዛሬ ጥሩ ነበር” ብሎ ይተኛል። ለእነዚህ ግን ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ዓለም እንደነበረ ነው። ይህ የእኔ ንባብ ነው፤ ኋላ የጻፉት ደብዳቤ ግን ወደዚሁ የሚያመራ ይመስለኛል።

የወሰዷቸው እርምጃዎች

መጀመሪያ አልበሙን ሠሩ። እዚያው ኡሜዮ፣ ከሚያውቋቸው የስቱዲዮ ባለሙያዎች ጋር። ርዕሱ “ዘ ሼፕ ኦፍ ፐንክ ቱ ካም” (የሚመጣው ፐንክ ቅርጽ እንደማለት) ነው፤ የጃዙ ኦርኔት ኮልማን በ1959 ካወጣው አልበም ርዕስ የተወሰደ። በፐንክ ላይ ኮልማን በጃዝ ላይ ያደረገውን እናደርጋለን ማለታቸው ነው። ድፍረት ነው። ትዕቢትም ያለው ይመስላል፣ ይኑረው።

አልበሙ 12 ክፍል አለው። ሲሰማ የሚያስደንቀው የአንዱ ዘፈን መጨረሻ ከሌላው መጀመሪያ ጋር የሚያያዝበት መንገድ ነው። የሬዲዮ ድምፅ ይገባል። ንጹሕ ኤሌክትሮኒክ ምት ይመጣል። ጃዝ የሚመስል ቁራጭ ድንገት ብቅ ይልና በጊታር ይደፈጠጣል። ገመድ መሣሪያዎች አሉ። የመጨረሻው ዘፈን ከሞላ ጎደል አኩስቲክ ነው። በጣም የታወቀው ዘፈን የሚጀምረው በአንድ አጭር የጊታር ሐረግ ነው። ሐረጉ ይደጋገማል፣ ይከርራል፣ ድራሙ ይደረብበታል። ይፈነዳል ስትል ይቆምና ኤሌክትሮኒክ ድምፅ ይተካዋል። ድምፃዊው የሚጮኸው ከዚያ በኋላ ነው። አድማጩን ማስጠበቅ ያውቁበታል።

ይህ ሁሉ ስቱዲዮ ውስጥ ያምራል። ችግሩ እንዲህ ያለ አልበም ይዞ መዞሩ ላይ ነው። ሳምፕል (ቀድሞ የተቀዳ ድምፅ) የሚያሰማ መሣሪያ፣ ጥሩ የድምፅ ሲስተም፣ ሳውንድ ቼክ የሚሠራበት ሰዓት ያስፈልጋል። ባንዱ የሚጫወትባቸው ቦታዎች ግን አልተቀየሩም። አልበሙ አደገ፣ መድረኩ ባለበት ቀረ።

ሁለተኛው እርምጃ የአሜሪካ ቱር ነበር። በ1998 ሴፕቴምበር አካባቢ ፍሮደስ ከሚባል ከዲሲ አካባቢ ከመጣ ባንድ ጋር ጉዞ ጀመሩ። በዚህ ደረጃ ያለ ቱር ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ልንገር። አንድ ቫን አለ። ሰውም መሣሪያም በአንድ ላይ ይጫናል። ቀኑን ሙሉ ይነዳል፣ ማታ ይጫወታል፣ ሌሊት የማያውቁት ሰው ቤት ወለል ላይ ይተኛል። ገቢው ከበር የተሰበሰበው ነው፤ ቤንዚኑን ከሸፈነ ተመስገን ነው። አገር ቤት የለመዱት የጥናት ክበብና የወጣቶች ማዕከል እዚህ የለም። የማይግባቡ ሰዎች ኡሜዮ ቢሆኑ ከልምምድ በኋላ እየቤታቸው ይሄዳሉ። ቫን ውስጥ ግን መሄጃ የለም።

ቱሩ አልሠራም። ጉዞው ሳያልቅ፣ ገና መንገድ ላይ እያሉ፣ ባንዱ እንዲያበቃ ወሰኑ። የቀሩትን ዝግጅቶች አብዛኞቹን ሰረዙ።

የመጨረሻው ዝግጅት ኦክቶበር 1998 ላይ ቨርጂኒያ፣ ሃሪሰንበርግ ውስጥ ነበር። ከተማዋ ከዋሽንግተን ዲሲ በመኪና ከሁለት ሰዓት ትንሽ ያለፈ መንገድ ናት። ቦታው የአንድ ቤት ምድር ቤት ነው። እንዲህ ባለ ቦታ መድረክ የሚባል ነገር የለም። ታዳሚው ከድምፃዊው ፊት ለፊት ይቆማል፤ እጁን ቢዘረጋ ማይኩን ይነካል። ጥቂት ዘፈን እንደተጫወቱ ፖሊስ መጥቶ አስቆማቸው። ዝግጅቱም ባንዱም እዚያው አለቀ።

ሦስተኛው እርምጃ ደብዳቤው ነው። ከመፍረሳቸው በኋላ ለሁሉም ክፍት የሆነ ጽሑፍ አወጡ። የቱንም ያህል አብዮታዊ የሆነ ነገር እንደ ርካሽ ለስላሳ መጠጥ ሊሸጥ ከቻለ፣ ጥበብን እንዴት ከምር እንውሰድ ብለው ጠየቁ። ከእንግዲህ አብረን አንጫወትም፣ ያለፈውንም አናወድስም አሉ። ጋዜጦች የባንዱን ፎቶዎች በሙሉ እንዲያቃጥሉ ጠየቁ። ባጭሩ፣ ይህ ባንድ እንዳልነበረ ይቆጠር ማለታቸው ነው።

የሠራው

አልበሙ ሠራ። ግን በራሱ ጊዜ ነው የሠራው። ሲወጣ ከጀርባው ቆሞ የሚጫወትለት ባንድ አልነበረም። አዲስ ሥራ የሚያስተዋውቅ ቱር የለም፣ ቃለ መጠይቅ የለም። ሰው ለሰው እየቀዳ፣ ዘፈኑ በሙዚቃ ጣቢያ እየታየ፣ ቀስ ብሎ ተሰራጨ። በ2000ዎቹ ከወጡት የሮክና የፖስት-ሃርድኮር ባንዶች ብዙዎቹ ይህን አልበም መነሻችን ነው ብለው መጥቀስ ጀመሩ።

በ2010 ኤፒታፍ የተባለው የአሜሪካ ሙዚቃ አሳታሚ አልበሙን እንደገና አሳተመው። በ2012 ባንዱ ተመልሶ ካሊፎርኒያ ውስጥ በኮቼላ ፌስቲቫል ተጫወተ። ያን ምድር ቤት ያየ ሰው ይህን ሲያይ ምን ብሎ ይሆን? ከዚያ በ2015 እና በ2019 አዳዲስ አልበሞች አወጡ። በ2020 ለወጣው ሳይበርፐንክ 2077 ለተባለው የቪዲዮ ጌም ዘፈኖች ሠሩ። በ2022 ደግሞ ያ ታዋቂ ዘፈናቸው በአንድ የቺካጎ ሬስቶራንት ኩሽና ላይ በሚያጠነጥን የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ውስጥ ገባ። ድራማው ሲተላለፍ ዘፈኑ ከወጣ 24 ዓመት ገደማ ሆኖታል። በ2024 መጨረሻ ላይ አገራቸው ላይ የስንብት ኮንሰርት አድርገው ለሁለተኛ ጊዜ አቆሙ። በዚህኛው ጊዜ ቀኑን አስቀድመው ተናግረው፣ ትኬት ሽጠው፣ ሰው ተሰናብተው ነው።

የጥናት ክበቡ አሠራርም ሠርቷል ማለት ይቻላል። ኪራይ የማይከፈልበት ክፍል ባይኖር ኖሮ ሦስት አልበም የሚያህል ሙከራ ማን ይችላል? እንዲህ ያለ አልበም በጥድፊያ አይሠራም። መሞከር፣ ማበላሸት፣ እንደገና መሞከር ያስፈልጋል። ለዚያ ደግሞ ሰዓቱ የማይቆጠርበት ክፍል።

ከመፍረሱ በኋላም አባላቱ ከሙዚቃ አልወጡም። ድምፃዊው ወዲያው ፖለቲካ የበዛበት የሮክ ባንድ አቋቋመ። ድራመሩና ሌሎቹ ወደ ሙከራዊ ሙዚቃ ሄዱ። ሁለት ባንድ ሆነው ነበር ያልኩት እንግዲህ በግልጽ ሁለት ሆነ።

ያልሠራው

ቱሩ መድኃኒት አልሆነም። ብዙ ባንዶች “አንድ ላይ እንውጣ፣ እንቀራረባለን” ይላሉ። እኔ እስካሁን በቱር የታረቀ ባንድ አላየሁም። ቱር ያለውን ነገር ያጎላዋል። ፍቅር ካለ ፍቅሩን፣ ኩርፊያ ካለ ኩርፊያውን።

ደብዳቤውም ያሰበውን ተቃራኒ ነው ያመጣው። ፎቶ አቃጥሉ ያለ ባንድ ማን ይረሳዋል? ተረት ሆኑ። እንደ ለስላሳ መሸጥን የሸሸ ባንድ በዚያው ሽሽቱ ይበልጥ የሚሸጥ ሆነ። ደግሞም ቆይተው ሲመለሱ ደብዳቤው ተመልሶ ፊታቸው ላይ ተዘረጋ። አንዳንድ አድማጭ እስከዛሬ ይወቅሳቸዋል። በእኔ በኩል መመለሳቸው ነውር አይታየኝም፤ የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ የጻፈው ቃል ዕድሜ ልክ ሊያስረው አይገባም። ግን “ለዘላለም” የሚል ቃል ያለበት ወረቀት ከመለጠፍ በፊት አንድ ወር ማደር ይሻል ነበር።

የፖለቲካ ግቡስ? በአንድ አልበም ካፒታሊዝም አይወድቅም። እነሱም ያጡት አይመስለኝም።

ለሌላ ባንድ የሚሆን

የመጀመሪያው ግልጽ ነው። ባንድ ይፍረስ አይፍረስ የሚለው ቫን ውስጥ አይወሰንም። ቱር ላይ መወሰን ያለበት ስለ ቱሩ ብቻ ነው፤ ነገ ይሰረዝ ወይስ አይሰረዝ። ከዚያ ወዲያ ያለው ነገር አገር ቤት ገብተው፣ ተኝተው፣ ለብቻ ለብቻ ከቆዩ በኋላ ይነሳ። ይህን ስምምነት ከጉዞው በፊት፣ ሁሉም ደህና በሆነበት ሰዓት መግባባት ይቻላል። አንድ ገጽ ይበቃል።

ሁለተኛው፣ አልበም ጊዜ ይሰጠው። የሪፊውዝድ አድማጭ የመጣው ዓመታት ቆይቶ ነው። የሁሉም ባንድ አድማጭ ይመጣል ማለቴ አይደለም፤ ብዙዎቹ ጋር አይመጣም። ነገር ግን አዲስ ዓይነት ሥራ በወጣ በመጀመሪያው ወር የሚታየው ቁጥር ስለ ሥራው የሚናገረው በጣም ጥቂት ነው። ከሥራው ይልቅ ስለ አሮጌው አድማጭ ነው የሚናገረው። አሮጌው አድማጭ ደግሞ አሮጌውን ዘፈን ፈልጎ ነው የመጣው።

ገንዘብ ሰጪዎችም ከዚህ የሚወስዱት አለ። የስዊድን አሠራር ለልምምድ ያለው እጅ ለጋስ ነው። ባንዱ ግን የወደቀው ልምምዱ ላይ አልነበረም። የወደቀው ሥራው አልቆ ወደ ሰው በሚሄድበት ጊዜ ነው። የሚነዳ ሰው፣ ሆቴል፣ የድምፅ ባለሙያ፣ ሁለት የዕረፍት ቀን በሌለበት። ወጣት ባንድ መደገፍ የሚፈልግ ተቋም ካለ፣ ለስቱዲዮ ከመክፈሉ በፊት ለቱር ሥራ አስኪያጅ መክፈሉን ያስብበት። ለታዳጊ ባንድ ከጊታሪስት ቀጥሎ የሚያስፈልገው ከባንዱ ውጭ ሆኖ “ዛሬ አንጫወትም፣ ተኙ” የሚል ሰው ነው።

የሥራ ክፍፍልን በተመለከተ ቁርጥ ያለ ምክር የለኝም። አንዱ ይናገር አንዱ ይጫወት የሚለው ይሠራል፤ ብዙ ባንድ በዚህ ኖሯል። ግን ቢያንስ ድምፃዊው ቃለ መጠይቅ ላይ ስለ ባንዱ ምን እንደሚል ሌሎቹ ከጋዜጣ ማንበብ የለባቸውም።

የመጨረሻው ስለ ቅጂዎች ነው። በ2010 አልበሙ እንደገና ሲታተም በ1998 ኡሜዮ ላይ የተቀዳ የመድረክ ሥራቸው አብሮ ወጣ፤ ዘጋቢ ፊልሙም ተያይዟል። ፎቶ አቃጥሉ የተባለበት ዓመት ቅጂ ነው ይህ። አንድ ሰው አላቃጠለም ማለት ነው። ባንድ ሲፈርስ ማን ከማን ጋር እንደማይነጋገር ለመወሰን ሁሉም ይቸኩላል፤ የስቱዲዮው ቅጂ፣ የመድረክ ቅጂው፣ የግጥም ረቂቁና የውሉ ወረቀት ማን ጋር እንደሚቀመጥ ግን የሚጠይቅ የለም። ይህን የሚወስን አንድ ሰው፣ ቢቻል ከጠበኞቹ ወገን ያልሆነ፣ ባንዱ ገና እየተጫወተ ሳለ ይመረጥ። ከሁሉም ቅጂ ሁለት ሁለት ይኑር፣ በተለያየ ቤት።